ነጭ የደም ሴል መድረሻውን እንዴት ያውቃል?

እሾህ እግርዎን ወጋዎት እንበል። ሰዓታት ሳይቆጠሩ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች እዚያች ነጥብ ላይ እየተሰባሰቡ ነው። ማን ጠራቸው?

የተጎዳው አካል ኬሞካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖችን ያመነጫል። በነጭ የደም ሴሎቹ ሽፋን ላይ ደግሞ ኬሞካይንን የሚይዙ ተቀባዮች አሉ። ቡና የሚቆላበትን ቤት በመዓዛው እንደሚያገኝ ጎረቤት፣ ሴሉም ኬሞካይኑ ወደሚበረታበት ያመራል።

አካሄዱ እጅግ ያስደንቃል! መጀመሪያ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ እየተንከባለለ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ኬሞካይን ተቀባዩ ሲይዝ፣ ሴሉ ወዲያው ተጣብቆ ቀጥ ይላል። ከዚያ ራሱን አቅጥኖ በግድግዳው ሴሎች መካከል ሾልኮ ይወጣል፤ ከእሾሁ ጋር የገባውንም ባክቴሪያ አግኝቶ ይውጠዋል።

ሁሉም ሴል አንድ ዓይነት ተቀባይ የለውም። ሲሲአር7 የተባለው ተቀባይ ያላቸው፣ ለምሳሌ፣ በብብትና በብሽሽት ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ይሄዳሉ።

የሚያሳዝነው፣ ኤችአይቪም ከእነዚህ የኬሞካይን ተቀባዮች በአንዳንዶቹ ይጠቀማል። ሲሲአር5 የተባለው ተቀባይ ቫይረሱን ወደ ሴል እንደሚያስገባ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ታወቀ። ይህን ተቀባይ የሚዘጋው ማራቪሮክ የተባለው መድኃኒት በ2007 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሆኖም አንዳንዱ ቫይረስ የሚገባው ሲኤክስሲአር4 በተባለ ሌላ ተቀባይ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒቱን ከማዘዙ በፊት፣ በታካሚው ደም ውስጥ ያለው ቫይረስ በየትኛው እንደሚገባ በምርመራ ማረጋገጥ አለበት።