ለከሚሴ ዶሮ ምን ያህል ቤት ይበቃታል?

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ የ45 ቀን ጫጩት ተረክቦ ቤቱን በእጁ ባለው እንጨት ልክ የሚሠራ ብዙ ነው። ስፋቱን መወሰን ያለባቸው ግን ዶሮዎቹ ናቸው።

እሱ፦ ልክ ነው። ታዲያ ስንት ይበቃል?

እሷ፦ ሙሉ ቀን ተዘግተው ለሚውሉ እንቁላል ጣዮች፣ ከሚሴና ባቲን በመሰለ ሞቃት አገር፣ በ1 ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ዶሮ ቢሆን ጥሩ ነው። ዶሮ አያልባትም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው በማለክለክ ነው። በቀትር አፏን ከፍታ፣ ክንፏን ከጎኗ አርቃ ከቆመች ጨንቋታል። ቤቱ ከጠበበ ሙቀቱ ይብሳል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ እርስ በርስ መነቃቀር ይከተላል።

እሱ፦ ቆይ፣ ጠባብ ቤት ከሸለምጥማጥ ይጠብቃል የሚሉ አሉ እኮ።

እሷ፦ ስጋታቸው እውነት ነው። መከላከያው ግን ጠንካራ ወንፊት ሽቦና በደንብ የሚዘጋ በር ነው።

እሱ፦ ቀን ግቢ ውስጥ ስትጭር የምትውለዋስ?

እሷ፦ እሷማ በዋናነት የማታ ቆጥ ነው የሚያስፈልጋት፤ ለአንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል።

እሱ፦ እንግዲያው በሰፋ ቁጥር ይሻላል እንበል?

እሷ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ገና የተፈለፈለ ጫጩት ሰፊ ክፍል ውስጥ ከሙቀቱ ምንጭ ርቆ ይበርደዋል። ዙሪያውን በካርቶን ማጠር፣ ባደገ ቁጥር ማስፋት ነው።

እሱ፦ ገባኝ፤ ለትልቋ አየር፣ ለትንሹ ሙቀት። የቤቱን ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ማድረግም ፀሐይን ይቀንሳል።

እሷ፦ አዎ። ጫጩቱ ከመምጣቱ በፊት ቦታው ይለካ፤ ካነሰ የዶሮውን ቁጥር መቀነስ ይሻላል።