ስለ ዕድራችን ማሾዎች አያያዝና አበራር
(ከንብረት ኮሚቴ ለጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ከንብረት ኮሚቴው በኩል የምንናገረው ስለ ድንኳኑ ወይም ስለ ድስቱ ሳይሆን ስለ ማሾዎቻችን ነው። «ስለ ማሾ ደግሞ ምን ወሬ አለ?» የሚል አይጠፋም። ወሬውስ አለ። በዚህ ዓመት ሁለት አሳቦች ቀርበውልናል። አንደኛው «አራቱም ይሸጡና በቻርጅ የሚሠሩ መብራቶች ይገዙ» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ማሾ ያልተሰቀለበት ድንኳን የለቅሶ ድንኳን አይመስልም፤ እንዳትነኩብን» የሚል ነው። እኛ ከሁለቱም ጋር ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም። ስለዚህ ምክንያታችንን ልናስረዳ ይገባናል።

በመጀመሪያ ማሾ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ኩራዝና ተራው ፋኖስ የሚያበሩት ክር ጋዙን እየሳበ ሲነድ ነው። ማሾ ግን ሌላ ነው። በፓምፕ የተነፋው አየር ነጩን ጋዝ (ላምባውን) ከሰልባቲዮው ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጋዙ በጋለው ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ወደ እንፋሎትነት ይለወጣል፤ እንፋሎቱም በቀጭን ቀዳዳ ወጥቶ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይነዳል። ብርሃኑን የሚሰጠው ግን እሳቱ ራሱ ሳይሆን ከላይ የምትታሰረው ትንሿ የጨርቅ ከረጢት ናት። ይህችን ከረጢት የፈለሰፈው ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ የተባለ የኦስትሪያ ሰው ሲሆን፣ የመጀመሪያውን የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ደግሞ 99 እጁ ቶሪየም፣ 1 እጁ ሴሪየም የሆነ ቅልቅል አግኝቶ ብርሃኑን ነጭና ጠንካራ አደረገው። ጨርቁ መጀመሪያ ሲለኮስ ይቃጠልና አመድ የመሰለ አጽም ብቻ ይቀራል፤ ያ አጽም ነው ሲግል የሚያበራው። ለዚህም ነው ከረጢቷ አንዴ ከነደደች በኋላ በጣት ስትነካ የምትፈርሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ቶሪየም ጨረር ያለው ማዕድን ነው። በዛሬው ጊዜ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች በሌላ ማዕድን ተክተውታል፤ ይሁን እንጂ በእጃችን ያሉት አሮጌ ከረጢቶች ከየትኛው እንደሆኑ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ አዲስ ከረጢት መጀመሪያ የሚለኮሰው ደጅ ነው፤ ጭሱን ማንም አይተንፍሰው። የፈረሰውን አመድ በእጅ ማፈስ፣ በአፍ እፍ ማለትም አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተነሥቶ ይጣል፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ። እናቶቻችን የሽንኩርት መክተፊያውን ከማሾው ሥር የማስቀመጥ ልማድ አላቸው፤ እባካችሁ ትንሽ ፈንጠር ይበልልን።

ወደ አበራሩ እንምጣ። ሰልባቲዮው እስከ አፉ አይሞላም፤ ሦስት አራተኛው ይበቃዋል፤ ቀሪው የአየር ቦታ ነው። ጋዙ በንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ ይግባ፤ ከጄሪካን ሥር የሚቀር ውኃና ዝገት ያችን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናታልና። ቀጥሎ ማሞቅ ነው። ብዙው ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ከታች ያለችው ትንሽ ጽዋ አልኮል ይፈስባትና ትለኮሳለች፤ አልኮሉ ሊያልቅ እስኪል ይጠበቃል። ቱቦው ሳይግል ፓምፑን ቢነፉት እንፋሎት ሳይሆን ፈሳሹ ጋዝ ራሱ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ማሾው ቢጫ ነበልባል እየተፋ እስከ ድንኳኑ ጣሪያ ይዘላል። እንዲህ ከሆነ አትደንግጡ፤ ውኃ አትድፉበት፤ የአየር ማስተንፈሻውን ብሎን ፍቱት፤ አየሩ ሲወጣ እሳቱ ይሞታል። ሲቀዘቅዝ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

በደንብ ከበራ በኋላ ብርሃኑ ቢደክም ቀስ ብሎ መንፋት ነው፤ ግን በሰዓቱ ላይ ካለው ቀይ ምልክት አያልፍም። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ቀዳዳዋ ቆሽሻለች ማለት ነው፤ መዞሪያውን አንዴ ሙሉ ሲያዞሩት በውስጡ ያለችው መርፌ ታጸዳታለች። ከረጢቷ ከተቀደደች ግን ማሾው ወዲያው ይጥፋ። በቀዳዳው የሚወጣው ምላስ መስተዋቱን አንድ ቦታ ላይ ያግለውና ይሰነጥቀዋል፤ መስተዋት ደግሞ ዛሬ እንደልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ፓምፑ ሲነፋ እጅ ላይ ምንም ካልከበደ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለችው ቆዳ ደርቃለች፤ ጥቂት ዘይት ቀብቶ ማለስለስ ይበቃል። ለዚህ ወደ ጠጋኝ ቤት መሮጥ አያስፈልግም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ባለፈው ክረምት በአንድ ለቅሶ ላይ አንድ ጎበዝ ማሾው ጋዝ ሊጨርስ ሲል አይቶ፣ እንደበራ ክዳኑን ሊፈታና ሊጨምርበት ጄሪካን ይዞ ቀረበ። እሳት አጠገብ የነበሩ አንዲት እናት «ኧረ ተው ልጄ! ምን ልታደርግ ነው?» ብለው እጁን ባይዙት ኖሮ ዛሬ ሌላ ንግግር ነበር የምናደርገው። ልጁን አንወቅሰውም፤ ማንም አላስተማረውም። ጄሪካኑን ስናሸተው ደግሞ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ወገኖቻችን፤ ነጭ ጋዝ በተራው ቀን ሙቀት ክብሪት ቢቀርበው ቶሎ አይያዝም፤ እንፋሎቱ ለመያዝ ቢያንስ ወደ 38 ዲግሪ መሞቅ አለበት። የቤንዚን እንፋሎት ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ ይያዛል። ቤንዚን የተቀላቀለበት ጋዝ በጋለ ማሾ ውስጥ ማለት ቦምብ መስቀል ማለት ነው። ስለዚህ የዕድሩ ጄሪካን ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ሌላ ነገር አይገባበትም፤ ከየጉሊቱ በጠርሙስ የሚሸጥ ጋዝም አይገዛበትም። ጋዝ የሚጨመረውም ማሾው ጠፍቶ፣ በእጅ የሚያዝ እስኪሆን ቀዝቅዞ፣ ከድንኳኑ ውጭ ነው።

ሁለተኛው አደጋ አይታይም፤ አይሸትም። ማንኛውም የሚነድ ነገር አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ከደማችን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። የኛ አገር ደጋ መሆኑም አይረሳ፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በክረምት ሌሊት የድንኳኑ ግርግዳ በአራቱም በኩል ወርዶ፣ ጠርዙ በድንጋይ ተጭኖ፣ ውስጥ ማሾና የከሰል ምድጃ አንድ ላይ ሲነዱ፣ ለቅሶ የሚያድሩት ሽማግሌዎች ጥቅልል ብለው ይተኛሉ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ሲመጣ «ሐዘን ነው፣ ድካም ነው» ይባላል። ከአንድ ለቅሶ ሌላ ለቅሶ እንዳይወለድ የምንፈራው ይህን ነው። እንዲህ የሚሰማው ሰው ካለ ሁሉም ወደ ደጅ ይውጣ፤ ያልነቃ ካለ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

አንድ አባላችን ከውጭ አገር ዘመዳቸው የላኩላቸውን በትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ የሚሠራ የካምፕ ፋኖስ ለዕድሩ ሰጥተዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ፓምፕም አልኮልም አይፈልግም። ነገር ግን በውስጡ ያለው ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነኑን ያቆማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚደክመው ለዚህ ነው፤ አልተበላሸም። እሳት ላይ አስጠግቶ ማሞቅ ፈጽሞ ክልክል ነው። ቡቴን ከአየር በእጥፍ ስለሚከብድም ካፈተለከ ወደ ምድር ይወርድና ጉዝጓዙ ውስጥ ይተኛል። ቆርቆሮው የሚቀየረው ደጅ ነው፤ ማፍተልከክ አለማፍተልከኩም በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይፈተሽም።

እንግዲህ አሳባችን ይህ ነው። ድንኳን ውስጥ ሰው በሚተኛበት በቻርጅ የሚሠራ መብራት ብቻ ይብራ፤ ለዚህም አራት እንዲገዙ እንጠይቃለን። ከአራቱ ማሾዎች ሁለቱ ይሸጡ፤ ደህናዎቹ ሁለቱ ይቆዩ። ለምን ይቆዩ ቢሉ፣ መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ ቻርጅ ከየት ይመጣል? ማሾ በአንድ ሊትር ጋዝ ስምንት ሰዓት ገደማ ያበራል፤ ሴቶቹ ሌሊት ወጥ በሚሠሩበት ደጅና በመግቢያው በር ላይ የሚተካከለው አላገኘንም። እዚያ ነፋስ አለ፤ የሚታፈንም የለም። የምንሰቅለውም ከሸራው ርቆ በብረት ምሰሶ ላይ ነው እንጂ በገመድ አይደለም።

ማሾዎቹን የሚነኩት የሠለጠኑ ሦስት ሰዎች ብቻ ይሆናሉ፤ ስማቸው በመጋዘኑ በር ላይ ይለጠፋል። የሐዘንተኛው ቤት ወንድም ይሁን አጎት፣ «ስጡኝ እኔ ላብራው» ቢል በትሕትና እንቢ እንላለን፤ እንዳትቀየሙን። ሥልጠናው የሚጀምረው በሚቀጥለው እሑድ ከቀኑ በ9 ሰዓት በመጋዘኑ ደጃፍ ነው። ከወጣቶቹ ሌላ ማየት የሚፈልግም ይምጣ፤ ክብሪትና አልኮል እኛ እናመጣለን።