የአያቶቻችንን ስም አንፋቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ቅዱስ ማቴዎስ ወንጌሉን የጀመረው በተአምር አይደለም፤ በሰዎች ስም ነው። ከአብርሃም እስከ ክርስቶስ 42 ትውልድ ይቈጥራል። ይህን ክፍል ብዙ ሰው ፈጥኖ ያልፈዋል፤ እኛ ግን ዛሬ በዚሁ ጥቂት እንቈይ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ፣ ከሽሮ ሜዳ፣ እኛ ወዳለንበት ወደ አርባ ምንጭ መጣ። በተክሊል ሊያገባ አስቦ፣ ዝምድና እንዳይገኝ እስከ ሰባት ቤት ቍጠር ቢባል ከአያቱ በላይ መቍጠር ተሳነው። አያቱ እንደ ብዙ ወገኖቹ ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ፣ በሽመና ሊያድር ሽሮ ሜዳ የገባ ሰው ነበር። ስለ እናቱ ግን ለልጆቹ አንድ ቃል ሳይናገር ዐረፈ።

የነገሥታት ዜና መዋዕል ተጽፏል፤ የሸማኔውና የገበሬው ግን አልተጻፈም። በመላው አገር ልደትንና ሞትን በመንግሥት መዝገብ ማስፈር የተጀመረው በአዋጅ ቍጥር 760 መሠረት በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተራው ሰው መዝገቡ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል፤ መዝገብ በያዘ ደብርም ይጻፋል። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰበካ ጉባኤ አባላት ይመዘገባሉ። ከዚህም የቀደመ ምስክር አለ፤ በብራና መጻሕፍት ውስጥ ያስጻፈው ሰው ስም በጸሎቱ መካከል ይገባል። በብርብር ማርያም ያሉት ጥንታውያን ብራናዎች፣ የአርባ ምንጭ ከተማ ሳትቈረቈር አስቀድሞ በጋሞ ምድር ክርስትና እንደ ነበረ ይመሰክራሉ።

ነገር ግን የሚፈልግ ሰው ይህን ይወቅ፤ ጎረቤት የሚያውቀው የዓለሙን ስም ነው፤ መዝገብ የሚያውቀው የክርስትናውን ስም ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሽማግሌ ካልተገኘ መዝገቡ ዝም ይላል።

ለዚህ ወጣት አንዲት አሮጊት ተገኙለትና የቅድመ አያቱን የክርስትና ስም ነገሩት። በደጋ ባለች አንዲት ደብር መዝገብም ስሟ በአንድ መስመር ተጽፎ ተገኘ። አሮጊቷ ግን ጨመሩ፤ ሴትዮዋ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ በአገሩ ልማድ ማና ከሚባሉት፣ ሌላው ወገን ጋብቻ ከሚነፍጋቸው።

የወጣቱ ፊት ተለወጠ። «አባቴ፣ ይህን ለሙሽራዋ ቤት አይንገሩብኝ፤ ስሟ ባይገኝ ይሻለኝ ነበር» አለን።

ያን ጊዜ አንድ የብራና ዳዊት ገለጥንለት። የፊተኛው ባለቤት ስም በምላጭ ተፍቆ የሌላ ሰው ስም በላዩ ተጽፎበታል፤ ወደ ብርሃን ሲያቀኑት ግን የተፋቀው ፊደል ጥላው ይታያል። «ልጄ፣ አያትህ እናቱን በዝምታ ፋቃት፤ አንተ ደግሞ ልትደግም ነውን?» አልነው።

ወገኖቼ፤ ማቴዎስ ረአብን አልፋቀም፤ ሞዓባዊቷን ሩትንም አልደበቀም። ጌታችን ከእነርሱ ዘር ሊወለድ አላፈረም። አዳምንስ ከምድር አፈር ያበጀው ማን ነው? ጭቃን በእጅ መያዝ ውርደት ቢሆን፣ ፈጣሪ የመጀመሪያውን ሰው እንዲህ ባላበጀው ነበር። እኛ ካህናትም ከዚህ ወቀሳ አናመልጥም፤ ከአንድ ጽዋ የሚቀበሉትን ልማድ ሲለያያቸው ዝም ያልንበት ጊዜ አለና።

ወጣቱ ብዙ ከቈየ በኋላ ብዕር ጠይቆ የቅድመ አያቱን ስም በገዛ እጁ ጻፈ። ለሙሽራዋም ቤት ራሱ ነገረ። አባቷ ሦስት ወር መልስ ከለከሉት፤ በኋላ ግን መረቁ።

እንግዲህ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሱ በቤታችሁ ያሉትን አረጋዊ ጠይቁ፤ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የተጠመቁበትን ደብር፣ ያደሩበትንም ሥራ ሳትሸሽጉ ጻፉ። አረጋዊው ነገ ላይኖሩ ይችላሉና አትዘግዩ። ስማቸውንም ለካህናት ስጡ፤ በጸሎት ይታሰቡ። በሰው ዘንድ የተረሳው በእግዚአብሔር ዘንድ የታወቀ ነው፤ እኛም እርሱ የጻፈውን አንፋቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።