የእጅ ስልክ ይዘን በሽተኛ ስንጠይቅ
(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ የተሰጠ ንግግር)



 እንደምታውቁኝ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የጨረስኩ ሰው ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የምናገረው በራሴ ስለ ደረሰ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ አባላችን ታመው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳሉ አራት ሆነን ልንጠይቃቸው ገባን። በሩ ላይ ስልክ ዝጉ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አይቼዋለሁ፤ ግን ለሌላ ሰው የተጻፈ መሰለኝ። እጃቸውን ልጨብጥ ጎንበስ ስል ስልኬን አልጋው ላይ፣ ከደረታቸው ወደ መሣሪያው በሚሄዱት ሽቦዎች አጠገብ አኖርኩት። ወዲያው ተደወለ። የልባቸውን ምት የሚያሳየው መስመር ተዘበራረቀ፣ መሣሪያውም ይጮህ ጀመር። ባለቤታቸው እሪ አሉ። ነርሷ ሌላ በሽተኛ ትታ ሮጣ መጣች፤ እጃቸውን ይዛ የደም ሥራቸውን ቆጠረች፣ ስልኬንም አነሣችው፤ መስመሩ ተስተካከለ። ልባቸው ደኅና ነበር፤ የተሳሳተው ማሳያው ነው። እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

በኋላ የሕክምና መሣሪያ የሚጠግን የሰፈራችንን ልጅ ጠየቅሁት። «አባባ፣ ስልክ ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ሲሆን፣ ሊደወል ሲል ጥጥጥ የሚለውን ሰምተው አያውቁም?» አለኝ። እንዴት አልሰማም! ለቅሶ ላይ ስንት ጊዜ ንግግራችንን አበላሽቶብናል። ያ ድምፅ ስልኩ ከአንቴናው ጋር የሚነጋገርበት ሞገድ በሽቦው ሲገባ ነው። በበሽተኛ ላይ የተለጠፈውም ያው ሽቦ ነው፤ ከልብ የሚያመጣው ምልክት ደግሞ የአንድ ቮልት አንድ ሺኛ ያህል ቢሆን ነው።

ስልክ ኔትወርክ ሲደክምበት፣ ገደል ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣራ እረኛ፣ ጉልበቱን ይጨምራል። ወፍራም ግድግዳ ባለው ክፍል ይኸው ነው። የጥበቃ ሠራተኞች የሚይዙት መነጋገሪያ ራዲዮማ ይብሳል፤ ተራ ስልክ ቢበዛ 2 ዋት ሲያወጣ ብዙዎቹ ራዲዮዎች እስከ 5 ዋት ያወጣሉ። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ የምትሉ አላችሁ፤ ድምፅ ቢጠፋ ሞገዱ አይጠፋም። መዝጋት፣ ወይም የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን መጫን ነው።

ዋናው ነገር ርቀት ነው። ሞገድ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ስልክ በተፈቀደበት ክፍል እንኳ ከመሣሪያ ሁለት ክንድ፣ ማለት 1 ሜትር ያህል መራቅ ነው።

ታዲያ ፍርሃቱም አይብዛ። የልብ ምት ማስተካከያ፣ ፔስሜከር የሚሉት፣ ደረታቸው ውስጥ የተተከለላቸው አንድ አባት አሉን፤ ተናገርልኝ ስላሉኝ ነው። ሰው ስልክ ልብ ያቆማል ቢላቸው ስልካቸውን ዘግተው ሣጥን ከተቱት። አንድ ማታ ብቻቸውን ሳሉ ራሳቸውን አዙሯቸው ወደቁ፤ የሚደውሉበት ግን የለም። የልጅ ልጃቸው ደረሰላቸው እንጂ ዛሬ ስለ እሳቸው የምናወራው ሌላ ነገር ነበር። ሐኪማቸው የነገራቸው ስልኩን ከመሣሪያው 15 ሳንቲ ሜትር እንዲያርቁ ነው፤ አንድ ስንዝር ይበቃል። በደረት ኪስ አለመያዝ፣ በተቃራኒው ጆሮ ማነጋገር። በፈረንጆቹ 2020 እና ከዚያ ወዲህ የወጡ አንዳንድ ስልኮች ጠንካራ ማግኔት ስላላቸው፣ ተዘግተውም ቢሆን ደረት ላይ አይጋደሙ። አሁን ስልካቸው በወገባቸው ነው፤ ትናንትም ደውለውልኛል።

ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ ይኸ ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ልንጠይቅ ስንሄድ አንድ ሰው ውጭ ይቅር። ያ ሰው እኔ ልሁን። ዘንቢል ይዤ በር ላይ እቆማለሁ፤ ስልካችሁን እየዘጋችሁ ስጡኝ፣ የማን እንደሆነም በደብተር እመዘግባለሁ።