የራውተር ግዥና የዋስትናው ነገር
(ለሰበካ ጉባኤያት፣ ለልማት ኮሚቴዎችና ለአገልጋይ ካህናት በተዘጋጀ የንብረት ግዥና አያያዝ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬው ርእሳችን ሲሰሙት አነስ ያለ ይመስላል። የምንነጋገረው ስለ አንድ የእንጨት ሥራ ማሽን አገዛዝና ከግዥው በኋላ ስለሚነሣው የዋስትና ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ በየአጥቢያው የወጣቶች የእንጨት ሥራ ክፍል ሲቋቋም ከሚገዙት ዕቃዎች መካከል ብዙ ውዝግብ የሚያስነሣው ይህ ማሽን ሆኖ ስላገኘነው ለብቻው ልናነሣው ወደድን። የሚገዛበት ገንዘብ ምእመናን በአሥራት፣ በስእለትና በመዋጮ ያስገቡት ነው፤ ማሽኑ ቢቆም የሚቆመው የወጣቶቹ እንጀራ ነው።

ራውተር በእጅ ተይዞ የሚሠራ፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከር ቢላ ያለው ማሽን ነው። የጠረጴዛን ጠርዝ ያለሰልሳል፤ ለመደርደሪያ ቦይ ያወጣል፤ የበርና የመስኮት ክፈፍ፣ የአትሮንስና የሥዕል ማስቀመጫ ጌጥ ይቀርጻል። በመሮ ሙሉ ቀን የሚፈጀውን ቦይ በሰዓት ውስጥ ያወጣል። ስሙ ግን ከኢንተርኔት መሣሪያው ስም ጋር አንድ ስለሆነ፣ የግዥ ጥያቄው ላይ «ራውተር» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ ተሞልቶ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በፕሮፎርማ መጠየቂያው ላይ «የእንጨት መቅረጫ ራውተር» ተብሎ ኃይሉ፣ የቢላ መያዣው ስፋትና የሚፈለገው የዋስትና ዘመን አብሮ ይጻፍ።

ከሱቅ በፊት ሥራው ይታወቅ። ማሽኑ የሚሠራው ቀላል የጠርዝ ሥራ ብቻ ከሆነ ከ500 እስከ 700 ዋት ያለው ትንሹ ይበቃል። በር፣ መስኮትና መደርደሪያ የሚሠራ ክፍል ግን ከ1,200 እስከ 1,600 ዋት ያለውን ቢይዝ ይሻለዋል። ከ1,800 ዋት በላይ ያለው ትልቁ ማሽን ከጠረጴዛ ሥር ታስሮ ለሚሠራ ከባድ ሥራ ይመረጣል፤ ክብደቱ ግን ለጀማሪ ወጣት እጅ ያስቸግራል። ወይራን የመሰለ ጠንካራ እንጨት በትንሽ ማሽን በአንድ ጊዜ በጥልቀት እንቁረጥ ማለት ሞተሩን ማቃጠል ነው። ጥልቅ ቦይ በየጊዜው ጥቂት ሚሊ ሜትር እየተወረደ በሦስትና በአራት ዙር ይወጣል እንጂ በአንዴ አይወጣም።

ሁለተኛው የቢላ መያዣው ስፋት ነው። በገበያ የሚገኙት ቢላዎች እግራቸው 6፣ 8 ወይም 12 ሚሊ ሜትር፣ አለዚያም በኢንች ተለክቶ 6.35 ወይም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። ሆኖም 12 ሚሊ ሜትር እግር ያለው ቢላ ለ12.7 በተሠራ መያዣ ውስጥ በደንብ አይጨበጥም፤ በደቂቃ ከ20,000 ዙር በላይ ሲሽከረከር ወጥቶ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ማሽኑን ከአንድ ሱቅ፣ ቢላውን ከሌላ ሱቅ ስንገዛ ሁለቱ መስማማታቸው በቁጥር ይረጋገጥ።

ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ነው። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ልጆቻችን ከልባቸው የሚልኩልን ማሽን ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። በቀጥታ ቢሰካ በቅጽበት ይቃጠላል። ከማሽኑ ኃይል ከፍ ያለ አቅም ያለው ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የትራንስፎርመሩ ዋጋና ክብደትም ከስጦታው ጋር መታሰብ አለበት። ብዙውን ጊዜ ዋስትናው የሚጸናው በተሸጠበት አገር ብቻ መሆኑም አይዘንጋ። ስጦታውን ሳናሳዝን ለመቀበል የሚበጀው መንገድ ከመላኩ በፊት የቮልቱን ቁጥር በደብዳቤ መንገር ነው። ቀጭንና ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድም ኃይል ይቀንሳል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ኋላም ሻጩ «አጠቃቀማችሁ ነው» ይላል።

አሁን ወደ ዋስትናው እንምጣ። ብዙ ኮሚቴዎች ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበው ዝቅተኛውን ዋጋ ይመርጣሉ፤ ቃለ ጉባኤውም በዚሁ ይዘጋል። እኛ የምንመክረው በዋጋው አጠገብ አምስት ጥያቄዎች እንዲጻፉና የሦስቱም ሻጮች መልስ ጎን ለጎን እንዲታይ ነው። ዋስትናውን የሚሰጠው ሱቁ ነው ወይስ አስመጪው? ዘመኑ የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? ጥገናው የሚደረገው በየትኛው ከተማ ነው፤ የመጓጓዣውንስ ማን ይከፍላል? በዋስትናው የማይሸፈነው ምንድን ነው? መለዋወጫው በአገር ውስጥ ይገኛል ወይ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ርካሽ ማሽን በዓመቱ መጨረሻ ከውዱ በላይ ያስከፍላል።

ሕጉም ቢሆን በጽሑፍ የተያዘ ነገርን ያጠናክራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ ያደርገዋል። በገዢውም ላይ ግዴታ ይጥላል፤ ገዢ ዕቃውን ወዲያው እንደተመቸው መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ምን እንደሆነ ገልጾ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ የማስለወጥ ወይም ገንዘብ የማስመለስ መብት ለሸማቹ ሰጥቷል። ነገር ግን አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ግለሰብ ነው እንጂ ለማምረቻ የሚገዛን ድርጅት አይደለም። ስለዚህ የእንጨት ሥራ ክፍላችን በዚህ አዋጅ ብቻ ተማምኖ ሊቀመጥ አይገባም። ጠበቃችን የግዥ ውላችንና ማኅተም ያረፈበት የዋስትና ወረቀታችን ነው።

ዕቃው ሲረከብ የሚደረገው እንዲህ ነው። ካርቶኑ በሻጩ ፊት ይከፈት። በማሽኑ ላይ ያለው መለያ ቁጥርና በዋስትና ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መሆናቸው ይታይ። ማሽኑ ያለ ቢላ ተሰክቶ ለጥቂት ደቂቃ ይሽከርከር፤ ያልተለመደ ድምፅ፣ ሽታ ወይም ንዝረት ካለ እዚያው ይነገር። ደረሰኙ በገዛው ሰው ስም ሳይሆን በደብሩ ስም ይቆረጥ፤ ወረቀቱ ሁሉ ቅጂው ተነሥቶ ዋናው በንብረት ክፍል ፋይል ይቀመጥ። ካርቶኑም ማሽኑን ለጥገና ለመላክ ስለሚያስፈልግ አይጣል።

በአንድ ከተማ ባለ ደብር ሥር የሚሠሩ 9 ወጣቶችን በቅርብ ስንከታተል የሆነውን እንንገራችሁ። 1,600 ዋት ራውተር ከ12 ወር ዋስትና ጋር ተገዝቶላቸው ነበር። በአራተኛው ወር ከሞተሩ ውስጥ የሚያፏጭ ድምፅ መጣ፤ ጥቂት ቀን ቆይቶም ኩሽኔታው ተጣብቆ ማሽኑ ቆመ። በእጃቸው ለአንድ ትምህርት ቤት የሚሠራ የመጻሕፍት መደርደሪያ ነበር፤ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት እንዲያስረክቡ ተዋውለዋል፤ ቅድሚያ ክፍያም ወስደዋል። በአካባቢው ያለ ጠጋኝ በአንድ ቀን ከፍቼ እሠራዋለሁ አለ። ወጣቶቹም እሺ ሊሉ ነበር። ሆኖም ማሽኑ በሌላ እጅ ከተከፈተ ዋስትናው እንደሚቀር ወረቀቱ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ኮሚቴው ተሰብስቦ ማሽኑ እንዳይከፈት፣ ቦዩም በመጋዝና በመሮ እንዲወጣ ወሰነ። ወጣቶቹ እስከ ምሽት እየሠሩ ደከሙ፤ ግን ውላቸውን አላፈረሱም።

በዚያው ስብሰባ ከወጣቶቹ አንዱ ተነሥቶ ማሽኑ ከወር በፊት ከጠረጴዛ ወድቆ እንደነበር ተናገረ። «አባታችን፣ ይህን ከነገርናቸው ዋስትናውን ይከለክሉናል፤ ዝም ብንል አይሻልም?» ብሎ የደብሩን አስተዳዳሪ ጠየቃቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ማሽኑ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ በሐሰት የተጠገነ ማሽን ይዘን ነገ ምን እንቀርጽበታለን? የሆነውን ሁሉ ጻፉ» አሉት። ደብዳቤው መውደቁንም ጨምሮ ተጻፈ።

ሻጩ መጀመሪያ አልተቀበለም። ብናኝ ገብቶበታል፣ ወድቋልም፣ ስለዚህ ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው አለ። የደብሩ ተወካዮች አልተጣሉም፤ አልተመለሱምም። «መልስዎን በጽሑፍ ይስጡን፤ ማሽኑም በባለሙያ ፊት ይከፈትና ይታይ» ብለው ጠየቁ። የደብዳቤውን ግልባጭም ለአስመጪው አደረሱ። አስመጪው የመደበው ባለሙያ ሲከፍተው መውደቁ የሰነጠቀው የፕላስቲክ መቀመጫውን ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ኩሽኔታው ግን ቅባቱ ቀድሞ አልቆ የተበላ ነበር። ወጣቶቹ ማሽኑ የሠራበትን ቀንና ሰዓት በደብተር መዝግበው ስለነበር ከአቅሙ በላይ አለመሥራቱን ማሳየት ተቻለ። በ23ኛው ቀን ኩሽኔታው ያለ ክፍያ ተቀይሮ ተመለሰ። የመቀመጫውንና የመጓጓዣውን ወጪ ደብሩ ከፈለ። ፍርዱ ሚዛናዊ ነበር፤ የሻጩ የሆነውን ሻጩ፣ የእኛ የሆነውን እኛ ቻልን።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ መብታችንን ያስከበረልን ጩኸት ሳይሆን ወረቀት ነው። ሁለተኛ፣ እውነቱን መናገራችን አልጎዳንም። ባለሙያው ሲከፍት ስንጥቁን ማየቱ አይቀርም ነበር፤ ደብቀነው ቢሆን ስለ ኩሽኔታው የተናገርነውንም ባልታመንን ነበር። ከዚያም በላይ ከሐሰት የሚገኝ ጥቅም ለወጣቶቻችን የምናወርሰው ሙያ አይደለም።

ሁሉም ብልሽት የዋስትና ጉዳይ እንዳልሆነም ለወጣቶቹ ይነገር። በሞተሩ ውስጥ ያለው ካርቦን በሥራ ብዛት የሚያልቅ ስለሆነ በዋስትና የሚሸፈን አይደለም፤ አንድ ጥንድ መጠባበቂያ ከማሽኑ ጋር ቢገዛ ይመከራል። ቢላውም እንዲሁ የሚያልቅ ዕቃ ነው። የደነዘ ቢላ እንጨቱን ያቃጥላል፤ ሞተሩንም ያስጨንቃል። ከሥራ በኋላ የአየር ማስገቢያውን ከብናኝ በብሩሽ ማጽዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የማሽኑን ዕድሜ ግን ያረዝማል።

ማሽን ዋስትና አለው፤ ጣት ግን ዋስትና የለውም። ስለዚህ ስለ ደኅንነት ሳንናገር ብንለያይ አደራችንን አልጨረስንም። ቢላ ሲቀየር ስፒናው ከሶኬት ይነቀል። የቢላው እግር እስከ ታች ገብቶ ከነካ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ከፍ ተደርጎ ይጠበቅ። ማሽኑ የሚገፋው የቢላውን ዙር ተቃርኖ ነው፤ ከዙሩ ጋር ከተገፋ ከእጅ ያመልጣል። ቢላው በሰፋ መጠን ፍጥነቱ ይቀነስ፤ እስከ 25 ሚሊ ሜትር ያለው በደቂቃ እስከ 24,000 ዙር ሲችል ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ ያለው ከ16,000 ባይበልጥ ይመረጣል፤ በቢላው ላይ የተጻፈው ገደብ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። ነጠላ፣ የተንዘረፈፈ እጅጌና የአንገት ክር በማሽኑ አጠገብ አይፈቀዱም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ጋር ስለመደበው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ በግዥው ዝርዝር ውስጥ ይካተቱ። ለማሽኑ ገንዘብ ተገኝቶ ለመነጽሩ ጠፋ ማለት አያስኬድም።

በመጨረሻም ከእያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ያሏችሁን ማሽኖች የዋስትና ወረቀት አንድ በአንድ አውጥታችሁ የሚያበቃበትን ቀን መዝግቡ። ለእያንዳንዱ ማሽን የሥራ መመዝገቢያ ደብተር ክፈቱ። የማሽኑ ኃላፊ ማን እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ስሙን አስፍሩ። ደብተርና እስክርቢቶ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ለነገ የሚያሳድር ምክንያት የለውም።

ጥንት ባስልኤል የደብተራ ኦሪትን ሥራ ሲሠራ ጥበቡም ዕቃውም የተሰጠው ለአገልግሎት ነበር። ዛሬም በወጣቶቻችን እጅ የምናስጨብጠው መሣሪያ እንዲሁ ነው። የእጃቸውን ሥራ ይባርክልን፤ እኛንም አደራችንን ጠባቂዎች ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።