ቁልፉ በሌላ እጅ ያለ መጽሐፍ፦ የቅጂ መከላከያና የገዛናቸው የዲጂታል መጻሕፍት ዕድሜ

(በቆቦ ከተማ ለመምህራን፣ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



 ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። በገንዘባችን የገዛነውን የዲጂታል መጽሐፍ ከሃያ ዓመት በኋላ ልንከፍተው እንችላለን? ስለ ወረቀት መጽሐፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሣም። ምስጥ፣ ውሃ ወይም እሳት ካልደረሰበት መልሱ የታወቀ ነው። የዲጂታል መጽሐፍ ጥያቄ ግን መልሱ ያለው መጽሐፉን በቆለፈው ኩባንያ ዘንድ ነው።

ርእሱን ከዚህ ከተማ ጋር የሚያገናኝ አንድ አጋጣሚ አለ። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመ፣ ኋላም የጃፓኑ ራኩተን የገዛው ኮቦ የተባለ የዲጂታል መጻሕፍት መደብር አለ። ስሙ «መጽሐፍ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፊደላት አቀያይሮ የተሠራ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከቆቦ ስም ጋር አንድ ይሆናል፤ በእኛ ፊደል ግን «ቆ»ን ከ«ኮ» ስለምንለይ አይምታቱም። ሁለቱን ስሞች አብሬ ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በቶሮንቶ የሚሸጥ የተቆለፈ መጽሐፍ ኔትወርክ ሁልጊዜ እንደሚኖር አምኖ የተሠራ ነው። ቆቦ ደግሞ ይህ እምነት የተፈተነባት ከተማ ናት።

አስቀድሜ የመቆለፊያውን አሠራር ላስረዳ። መደብሩ መጽሐፉን ሲሸጥ ፋይሉን በምስጢራዊ ኮድ ይቆልፈዋል። ፋይሉ በስልካችን ቢቀመጥም መፍቻው ከሌለ ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ነው። መፍቻውን በአካውንታችንና በመሣሪያችን ስም መዝግቦ የሚሰጠን የሻጩ ወይም እንደ አዶቢ ያለ የመቆለፊያ አቅራቢ ሰርቨር ነው። አንድ ጊዜ ፈቃድ ያገኘ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኔትወርክም ያነባል። ችግሩ የሚመጣው ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ፣ ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ሲጫን፣ ወይም ከቤተ መጻሕፍት የተዋስነው መጽሐፍ ጊዜው ሲያልቅ ነው። ያን ጊዜ የፋይሉ ቅጂ በፍላሽ ቢኖረንም እንኳ ፈቃዱን እንደገና መጠየቅ ግድ ይላል። ፈቃዱ እንዲገኝ ደግሞ አካውንቱ፣ ሰርቨሩና ኔትወርኩ ሦስቱም በአንድነት በሕይወት መገኘት አለባቸው። መሣሪያ በጥቂት ዓመታት ያረጃል፤ ስለዚህ ይህ ጥያቄ በአንድ አንባቢ ዕድሜ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚነገር ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «የእንስሳት እርሻ» ከገዢዎች ኪንድል ላይ ከርቀት ሰረዘ። ምክንያቱ ቅጂዎቹን ያቀረበው ሻጭ የማሳተም መብት ስላልነበረው ነው። ገንዘቡ ለገዢዎች ተመለሰ። ሆኖም በሚሺጋን «1984»ን ለትምህርቱ ያነብ የነበረ አንድ ተማሪ በየገጹ የያዘው ማስታወሻ መጽሐፉ ሲጠፋ ጥቅም አጣ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ኩባንያው በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ማይክሮሶፍት የመጽሐፍ መደብሩን ዘጋ። በዚያው ዓመት ከሐምሌ ጀምሮ የተገዙት መጻሕፍት መከፈት አቆሙ፤ ለገዢዎችም ገንዘባቸው ተመለሰላቸው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 አማዞን የኪንድል መጻሕፍትን ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በዩኤስቢ ገመድ ወደ ማንበቢያው የማሻገሩን አገልግሎት አስቀረ። ኔትወርክ በማይደርስበት ስፍራ ለሚያነብ ሰው ይህ መንገድ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከእነዚህ ጉዳዮች አንድ ትምህርት እናገኛለን። በመደብሩ ገጽ ላይ «ግዛ» የሚል ቁልፍ ብንጫንም የምናገኘው የማንበብ ፈቃድ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎችም ይህን ተገንዝበው፣ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲነግሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ይሠራል። ገንዘብ መመለሱም ለንባብ ልብ ወለድ ምናልባት ይበቃ ይሆናል። ጥናቱን በመጽሐፉ ላይ ለመሠረተ ተማሪ ግን የገጹና የማስታወሻው ዋጋ በገንዘብ አይተካም።

አሁን ወደ ቆቦ ልመለስ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲዘልቅ ይህ አካባቢ ከመብራት፣ ከስልክና ከባንክ አገልግሎት ለወራት ተለየ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ቆቦ ዳግመኛ የጦርነቱ ስፍራ ሆነች። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በእነዚያ ወራት ያልተቆለፈ ፒዲኤፍ በፍላሽ የያዘ ተማሪ፣ መብራት ባገኘ ጊዜ ሁሉ ያነብ ነበር። ፈቃዱ ከባሕር ማዶ ሰርቨር የሚመጣለት መጽሐፍ የያዘ ሰው ግን ስልኩ ከተበላሸ ወይም የውሰት ጊዜው ካለፈ መጽሐፉ እዚያው ይቆምበታል። ባንክና ቴሌብር በሌሉበት ሌላ ቅጂ ልግዛ ማለትም አይቻልም። የመቆለፊያው ባለቤት በዚህ አንባቢ ላይ ክፉ አላሰበም፤ ጨርሶ አላሰበውም። በአንባቢው ላይ የሚደርሰው ውጤት ግን ያው ነው።

ወረቀትስ በጦርነት ይተርፋል ወይ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚያው ጦርነት የሰሜን ወሎ ትምህርት ቤቶችና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፈዋል፤ ወድመዋል። አንድ ቅጂ በአንድ ቤት ብቻ ሲኖር፣ ወረቀትም ይሁን ፋይል፣ ዕድሜው የዚያን ቤት ዕድሜ አያልፍም። ዲጂታል ቅጂ ትልቁ ጥቅሙ አንዱን በቆቦ፣ ሌላውን በደሴ፣ ሦስተኛውን በአዲስ አበባ ማስቀመጥ መቻሉ ነው። መቆለፊያው የሚነጥቀን ይህንኑ ጥቅም ነው። የራያ ገበሬ ማሽላውን ሲያነሣ ለከርሞ የሚሆነውን ዘር መርጦ ያስቀምጣል፤ ለጎረቤቱም ያበድራል። የተቆለፈ መጽሐፍ ግን የሚበላ እንጂ የማይዘራ እህል ነው።

የእኛ የብራና ሥርዓት ይህን ነገር ቀድሞ አውቆታል። በብዙ ብራናዎቻችን መጨረሻ መጽሐፉን የሰረቀና ስሙን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ቃል የተወገዘ እንዲሆን የሚያዝ ግዝት ይገኛል። ይህ የዘመኑ የመጽሐፍ መከላከያ ነበር። እኔ ባየኋቸው ግዝቶች የገለበጠ ይወገዝ የሚል አላጋጠመኝም። ግዝቱ የሚከለክለው መጽሐፉን ማጥፋትን ነው፤ መገልበጥ ግን መጽሐፉ የሚኖርበት መንገድ ነበር። መጽሐፈ ሄኖክ በምሉእነቱ በግእዝ ብቻ የተረፈው ጸሐፍት ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለገለበጡት ነው። ከዚህ በስተደቡብ ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራም ይህንኑ ወንጌል ጨምሮ በሺሕ የሚቆጠሩ ብራናዎችን ቀድቷል፤ የፊልሙ ቅጂዎች በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛሉ። የዛሬው መቆለፊያ የግዝቱ ግልባጭ ነው፦ መገልበጥን ይከለክላል፣ መጽሐፉን ግን ለጥፋት ያጋልጣል።

ከቅርቡ ታሪካችንም አንድ ምሳሌ ልጨምር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. እንደታተመ ከመሸጫዎች እንዲሰበሰብ ተደረገ። ይሁን እንጂ ቀድሞ በአንባቢ እጅ የገባውን ቅጂ መንግሥት ከያንዳንዱ ቤት ሊለቅመው አልቻለም። መጽሐፉ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈና እየተባዛ ዘመኑን ተሻገረ። ኩባንያ «1984»ን በአንድ ቀን ከየሰዉ ኪንድል ሊሰርዝ ከቻለ፣ በዚህ ዓይነት ሥርዓት የተሸጠ «ኦሮማይ» ለእኛ ይደርስ ነበር ወይ? መልሱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

የደራስያን አቤቱታ ግን ሊዘነጋ አይገባም። የአማርኛ መጻሕፍት ገና ከማተሚያ ቤት ሳይወጡ በስካነር ተነሥተው በቴሌግራም እንደሚበተኑ ሁላችንም እናውቃለን። ደራሲው ለዓመታት የደከመበትን ሥራ በነጻ ሲወሰድ ማየት ግፍ ነው። መቆለፊያው ግን ይህን ግፍ አያስቆመውም፤ በቴሌግራም የሚዞረው ቅጂ በአብዛኛው ከወረቀት መጽሐፍ በካሜራ የተነሣ ነውና። የመቆለፊያው ሸክም የሚያርፈው ገንዘቡን ከፍሎ በገዛው ሐቀኛ አንባቢ ላይ ነው። መካከለኛ መንገድም አለ። ቶር የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2012 መቆለፊያን ጨርሶ ትቶ መጻሕፍቱን መሸጡን ቀጥሏል። የገዢውን ማንነት የሚያሳይ ምልክት በፋይሉ ውስጥ በማኖር፣ ሳይቆልፉ ተጠያቂነትን ማስከበርም ይቻላል።

ሕጋችንም ለዚህ በር ከፍቷል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቤተ መጻሕፍት ሥራን ጠብቆ ለማቆየት ወይም የጠፋና የተበላሸ ቅጂ ለመተካት፣ በወሰነው ሁኔታ እንዲያባዙ ይፈቅዳል። ደራሲውን የሚጠብቀው ሕግ ራሱ ማቆየትን ከስርቆት ለይቶታል ማለት ነው። መቆለፊያው ግን አዋጅ አያነብም፤ ሌባውንና ቤተ መጻሕፍቱን እኩል ይመልሳቸዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ተማሪዎችና መምህራን ከመግዛታችሁ በፊት የመጽሐፉን መግለጫ አንብቡ። ኮቦን ጨምሮ አንዳንድ መደብሮች መጽሐፉ የተቆለፈ ወይም ያልተቆለፈ መሆኑን ይገልጻሉ፤ ውሳኔው በአብዛኛው የአሳታሚው ነው። ያልተቆለፈውን ኢፐብ ወይም ፒዲኤፍ ምረጡ። ማስታወሻችሁንም በመተግበሪያው ውስጥ ብቻ አትተዉት።

ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የዲጂታል መጻሕፍት ውል ሲፈርሙ ውሉ ሲያበቃ ምን በእጃቸው እንደሚቀር አስቀድመው ይጠይቁ። ለዘለቄታው የመክፈት መብትና በራሳቸው ሰርቨር የሚቀመጥ ቅጂ በውሉ ይስፈርላቸው። በስታንፎርድ የተጀመረው ሎክስ የተባለው ሥርዓት ብዙ ቅጂ መጽሐፍን ያተርፋል በሚለው ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። የብራና ጸሐፍቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር።

ሦስተኛ፣ የአገራችን አሳታሚዎችና የመጽሐፍ መተግበሪያ ባለቤቶች ከሚሸጡት ከያንዳንዱ የዲጂታል መጽሐፍ አንድ ያልተቆለፈ ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር፣ ያስረክቡ። ቅጂው በደራሲው የመብት ዘመን ለሕዝብ ሳይከፈት በአደራ ሊቀመጥ ይችላል። መተግበሪያው ቢዘጋ መጽሐፉ አብሮት አይቀበርም። በተለይ በወረቀት ሳይታተሙ በመተግበሪያ ብቻ ለሚወጡ የአማርኛ ሥራዎች ይህ አደራ የሕልውና ጉዳይ ነው፤ የሚመለሱበት ሌላ ቅጂ የላቸውምና።

መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ለዛሬ ንባቡ ብቻ አይከፍልም። ለልጁ፣ ለተማሪውና ገና ላልተወለደ አንባቢም ይከፍላል። ደራሲው ዋጋውን ያግኝ፤ አንባቢውም የከፈለበትን ይያዝ። ሁለቱ የሚጋጩ መብቶች አይደሉም።