ስለ ጥንታዊ ቅርስ ቁፋሮ የሚያስተምር መጽሐፍ ስንመርጥ
(በበደሳ በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የታሪክ ማኅበር የተደረገ ንግግር)



ለቤተ መጻሕፍታችን ስለ አርኪኦሎጂ የመስክ ሥራ የሚያስተምር መጽሐፍ ይገዛ ዘንድ አሳብ ቀርቧል። የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ ያገኘነውን መልስ በአጭሩ እናሰማችኋለን።

ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የምንኖርበት የጨርጨር ተራራ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መቃብር ያለበት አገር ነው። በሐረርጌ እንዲህ ያለ ሥራ ሲገኝ «የሐርላ ነው» ይባላል። ሮዤ ዡሶም የተባሉት ፈረንሳዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በጨርጨር ከነዚህ መቃብሮች አንዳንዶቹን ቆፍረው መርምረዋል። በድሬዳዋ አጠገብ በምትገኘው በሐርላ መንደርም ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶልና ባልደረቦቻቸው የ12ኛውን መቶ ዓመት መስጊድ አግኝተዋል።

ታዲያ ማሳ በየዓመቱ ይታረሳል፤ አንድ ጊዜ የተቆፈረ መቃብር ግን ተመልሶ አይቆፈርም። ከአፈሩ ንብርብር ሳይጻፍ የወጣ ዶቃ፥ ዶቃነቱ ባይጠፋም ምስክርነቱ ይጠፋል። ከማን ጋር እንደ ነበረ፥ ከምን በላይና ከምን በታች እንደ ተቀመጠ የሚናገር የለምና።

ስለዚህ መጽሐፎቹን ሦስት ነገር ጠየቅናቸው። ከመቆፈር አስቀድሞ መመዝገብን ያስተምራሉን? የአፈርን ንብርብር ቅደም ተከተል ያስረዳሉን? በገመድ፥ በሜትር፥ በእርሳስና በወረቀት ልንለማመደው የምንችለው ሥራ አላቸውን?

የሰር ሞርቲመር ዊለር መጽሐፍ (1954 እ.ኤ.አ.) መሬቱን በአራት ማዕዘን ከፍሎ፥ በመካከሉ ያልተቆፈረ ግድግዳ እየተዉ ንብርብሩን ማየትን ያስተምራል፤ ሆኖም ዘመኑ ርቋል። የኤድዋርድ ሐሪስ (1979) ስለ ንብርብር ቅደም ተከተል ጥልቅ ነው፤ ለጀማሪ ግን ይከብዳል። የኮሊን ሬንፍሩና የፖል ባን (1991) ብዙ ዕውቀት የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ሲሆን፥ ለመምህራን ማመሳከሪያ ይስማማል። የፒተር ድሩዌት (1999) ግን ቦታ ከመፈለግ ጀምሮ እስከ መቆፈር፥ መሳልና ውጤቱን እስከ ማሳተም ድረስ ሥራውን በተራ ይመራል። እኛም ይህኛው አስቀድሞ ይገዛ ብለናል።

ሆኖም ከነዚህ አንዱም የአገራችንን ሕግ አያስተምረንም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርን ከልክሏል፤ በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ አዟል። ስለዚህ የተማሪ ድርሻ ዶማ ማንሣት አይደለም፤ ማየት፥ መለካት፥ መሳል፥ መጻፍና ማስታወቅ ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ በእርሻችሁ ዳር የቆመውን የድንጋይ ክምር ለቤት መሠረት ከማንሣታችሁ በፊት ልጆቻችሁን ጥሩና ይሳሉት። የምንገዛው መጽሐፍ ዋጋውን የሚመልሰው ያን ቀን ነው።